ቆመን የጎበኘነው ፍርስራሽ

እኛ ሐበሾች አገር መጎብኘት አይሆንልንም። ፈረንጅ ካምፓላ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሙዚየሙ የት እንደሆነ ነው፤ እኛ የምንጠይቀው የሐበሻ ምግብ ቤት የት እንዳለ ነው። እዚያ ገብተን ጥብስ እናዛለን፣ ባለቤቷ የማን ዘመድ እንደሆነች እናጣራለን፣ በርበሬው ከአገር ቤት የመጣ መሆኑን እንጠይቃለን፤ ከዚያ ወጥተን "ካምፓላን አየናት፣ ደህና ከተማ ናት" እንላለን። እኔ ራሴ ናካዋ ላይ የመኪና መለዋወጫ ስሸጥ ጠጉሬ ሸብቷል፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ግን አንድም ታሪካዊ ቦታ ረግጬ አላውቅም ነበር። የፈራረሰ ነገር ማየት ካማረኝ ሱቄ መች አነሰኝ።

ሌላው የማይሆንልን ነገር መቀመጥ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ሰው በገባ ቁጥር ከተቀመጥንበት ብድግ እንላለን። "ኖር!" እንላለን፤ "ኧረ በእግዜር!" ይለናል፤ እሱ ካልተቀመጠ አንቀመጥም፣ እኛ ካልተቀመጥን አይቀመጥም፣ እንደዚህ ስንለማመን ቢራው ይሞቃል። ሽምግልና ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ልጅ ሊጠይቁ የሄዱ ሽማግሌዎች ወንበር ተደርድሮላቸው፣ ምግብ ቀርቦላቸው፣ እንደ ምሰሶ ተገትረው ይቆማሉ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም" ይላሉ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

ወደ ነገሬ ልግባ። ኤልያስ የሚባል ልጅ አለን። "አለን" ስላችሁ የወለድነው እንዳይመስላችሁ። ገና ሕፃን ሳለ ከአክስቱ ጋር እዚህ መጣ፤ ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ፣ ሐይቁ ቁልቁል በሚታይበት በአንዲት ኪራይ ቤት አሳደገችው። እሷ ከሞተች ጥቂት ዓመት ሆናት። ከእሷ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ዘመዴ የሚለው ሰው የለውም፤ ካለም የት እንዳለ አያውቅም። መኪና እየነዳ፣ ቱሪስት እያመላለሰ ራሱን ቻለ። ሉጋንዳን እንደ አፍ መፍቻው ይናገራል፣ አማርኛውም አይታማም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ከመለዋወጫ ደንበኞቼ መካከል የማይጨቃጨቀኝ እሱ ብቻ ነው ብላችሁ ይበቃል።

ይህ ልጅ ኮሎሎ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ሕይወት የምትባል ልጅ ወደደ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ እያደረሳት ነው የተጀመረው፤ የካምፓላ የመንገድ መጨናነቅ ስንቱን አጋብቷል መሰላችሁ! ችግሩ ያለው አባቷ ጋ ነው። ጋሽ መኮንን አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። የልጁን ነገር ሲሰሙ ፎቶውን እንኳ አላይም አሉ። ድሃ ነው አላሉም፣ ሾፌር ነው አላሉም። "ሰው የለውም" ነው ያሉት። "ነገ ብትጋጩ ማን ፊት ትቀርባላችሁ? አንቺ እኔ አለሁሽ። እሱን ማን ይገሥጸዋል? ስለ እሱስ ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል?"

እኔ እዚህ ላይ ልፈርድባቸው አልቻልኩም። ጨካኝ አይደሉም፤ ትዳር ሲናጋ የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል ነው የሚሉት። ልጅቷ ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም አለች፤ ልጁም ያለ እሷ አልኖርም አለ። መሃል ላይ እኛ አለን።

እንግዲህ ሽማግሌ ሆነን ተመረጥን፣ ሦስት። አንደኛው ሐጂ ነስሩ ናቸው፤ የጅማ ሰው ናቸው፣ ጨርቅ ይነግዳሉ፣ ንግግራቸው ማር ነው። ሁለተኛው አቦይ ርእሶም የአስመራ ሰው ናቸው፣ ጎማ ይነግዳሉ፣ ንግግራቸውም ጎማውን ይመስላል። ሦስተኛው እኔ የደሴው ነኝ። አዲስ አበባ ድረስ ሦስታችንም ሱቅ ዘግተን መሄድ አንችልም። ለዚያውም አቦይ ርእሶም በወረቀት ጉዳይ ከኡጋንዳ መውጣት አይችሉም። እንዴት ይሁን ስንል አንድ ቀን ሕይወት እየሮጠች መጣች። ከሐይቁ ማዶ፣ ሙዋንዛ ከተማ የሚኖረው ወንድሟ ለአባታቸው ሐይቁን በምትዞር የቱሪስት መርከብ ትኬት ቆርጦላቸዋል። መርከቧ ፖርት ቤል፣ ማለት እዚሁ ሙቱንጎ ግርጌ፣ ጠዋት ደርሳ ማታ ትነሣለች። አንድ ቀን ሙሉ ካምፓላ ናቸው ማለት ነው!

ደስታችን ግን እስኪደውሉ ድረስ ብቻ ነበር። የታሪክ መምህር መቼ ይሸወዳል? "ልጄ፣ ቤትሽ አልመጣም" አሉ። "ቤትሽ ከመጣሁ በር ላይ ሽማግሌ ተገትሮ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ሽማግሌን እንቢ ብሎ መመለስ ደግሞ ለእኔም ይከብደኛል። ፍርስራሽ አይቼ ነው የምውለው። ለብቻዬ መኪና፣ ለብቻዬ አስጎብኚ ያዢልኝ፤ አንቺም አብረሽኝ ዋዪ።" ሽማግሌ ሽሽት ጥንታዊ ፍርስራሽ ውስጥ የገባ ሰው ከእሳቸው በቀር ሰምቼ አላውቅም።

ሕይወት "እሺ አባዬ" አለች። መኪናውን ያዘችላቸው፣ ሾፌሩ ኤልያስ ሆነ። አስጎብኚውንም ያዘችላቸው፣ እሱም እኔ ሆንኩ።

ኧረ ምኑን ጎበኘሁና ነው የማስጎበኘው! ብላት፣ "ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ነው፤ ዋናው እዚያ ማድረስ ነው" አለችኝ። ኤልያስ ፈረንጆች የሚወስድበት ቦታ አለው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሙዝ እርሻ መሃል ያለ፣ የጥንት ንጉሥ ሰፈር ነው። ሐጂና አቦይ በሐጂ ቫን ቀድመው ሄደው እዚያ ይጠብቁናል፣ እኔ ሰውየውን ጭኜ አመጣለሁ፣ ከዚያ ቆመን እንጠይቃለን። ዕቅዱ ይኸው ነው። ማታ ኤልያስ የሚያውቀውን ሁሉ ነገረኝ፤ ጠዋት ስነሣ ግማሹ የለም።

ጋሽ መኮንን ከመርከቧ ሲወርዱ ኮትና ክራቫት አድርገዋል። ረጅም ናቸው፣ መነጽራቸው ወፍራም ነው። ልጃቸውን አቅፈው ሳሙ፣ ቆይተው ሳሙ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እኔም ሳልፈልግ ሆዴ ባባ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎ ነዎት አስጎብኚው?" "አዎ ጌታዬ።" "ሾፌሩም ሐበሻ ነው?" አሉ ኤልያስን እያዩ። ኤልያስ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸውና በሩን ከፈተላቸው። ስሙን አልጠየቁትም፤ ያልጠየቁትን ደግሞ ማንም አልነገራቸውም። በዚያ ቀን ማንም አልዋሸም፣ እኔ ስለ ታሪኩ ከተናገርኩት በቀር።

ናካዋ ስንደርስ መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘጋ። ሰፈሬ ስለሆነ አንገቴን ቀብሬ ተቀምጫለሁ። አንድ ቦዳ፣ ማለት የሞተር ታክሲ ነጂ፣ ሞተሩን አስጠግቶ መስኮቱን አንኳኳና ትናንት የሸጥኩለት የፍሬን ሸራ ይጮህብኛል ብሎ በእንግሊዝኛ ያፋጠኝ ጀመር። ነገ ና እቀይርልሃለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አስተካከሉ። "አስጎብኚነት ከፍሬን ሸራ ጋር ይሄዳል እንዴ?"

"ጎን ለጎን ነው ጌታዬ" አልኩ። ኤልያስ በመስታወት አየኝና ሳቁን ዋጠ።

መንገዱ እስኪከፈት ሕይወት ወርዳ ሮሌክስ ገዛች። ሮሌክስ ስላችሁ ሰዓት እንዳይመስላችሁ፤ እንቁላል ተጠብሶ በቻፓቲ ተጠቅልሎ መንገድ ዳር የሚሸጥ፣ ካምፓላን በሙሉ ቁርስ የሚያበላ ነገር ነው። ሽታው መኪናውን ሞላው። ጋሽ መኮንን አንዱን ወደ እኔ ዘረጉልኝ። እኔ ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ ከጭንቀቴ የተነሣ እህል አልቀመስኩም። እጄ ሊሄድ ሲል ትዝ አለኝ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀምስም። "ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ" አልኩ። "ኧረ በሞቴ!" አሉ። "ኧረ አይማሉብኝ ጌታዬ፣ አልችልም።" ሆዴ ያን ጊዜ ጉርርር አለ፤ መኪናው ውስጥ ያልሰማው አልነበረም። ጋሽ መኮንን አተኩረው አዩኝ፣ ሮሌክሱን በወረቀት ጠቅልለው አስቀመጡት፣ ከዚያ በኋላ አልለመኑኝም።

ደረስን። እንግዲህ ፍርስራሽ ሲባል እኔ ያሰብኩት የተደረመሰ ግንብ፣ የቆመ ዓምድ ምናምን ነበር። ያለው አንድ ረጅም ጉድጓድ ነው፤ ኮረብታውን ዙሪያውን የከበበ፣ ሣር የለበሰ፣ ሁለት ፍየሎች የሚግጡበት። መሃሉ ላይ በሣር የተከደነ ትልቅ ክብ ቤት አለ፤ እሱም ጥንት በነበረው ልክ እንደገና የተሠራ ነው።

"ፍርስራሹ የታለ?" አሉ ጋሽ መኮንን።

"የቆሙበት ነው ጌታዬ። ይህ ጉድጓድ ጠላት እንዳይገባ ንጉሡ ያስቆፈሩት ነው።"

"የትኛው ንጉሥ?"

"የዚያን ጊዜው።"

አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው አፈሩን ነኩ፣ ጥልቀቱን በዓይናቸው ለኩ፣ ሰው በእጁ ይህን ሁሉ ሲቆፍር ምን ያህል እንደሚደክም ለራሳቸው አጉተመተሙ። የሐጂን ቫን በሙዝ ተክሉ ሥር አየኋት። 

ክብ ቤቱ በር ላይ ጫማ ይወለቃል። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ሙቀቱ ደስ ይላል፣ የደረቅ ሣር ሽታ አለው። ከዛፍ ልጥ የተሠራ ቡናማ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች አሮጊት መሃል ላይ ተቀምጣለች። ቤቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ኤልያስ "ጃጃ" ይላታል፣ በሉጋንዳ አያት ማለት ነው፤ እዚህ አገር አሮጊት ሁሉ ጃጃ ስለሆነች እኔ ነገሬም አላልኩት። ምንጣፉን በእጇ መታ መታ አድርጋ "ሙቱሌ፣ ሙቱሌ" አለችን። ተቀመጡ ማለቷ ነው።

ጋሽ መኮንን ክራቫታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ሕይወት እግሯን ወደ ጎን አጥፋ ተቀመጠች። ኤልያስ በሩ ጥግ ተንበረከከ። ሐጂና አቦይ ከኋላችን ገቡ፤ ሐጂ ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ አቦይ ከዘራቸውን ይዘዋል። እኔም ነጠላዬን ከቦርሳ አውጥቼ ለበስኩ፤ ሦስታችን ተሰለፍንና ቆምን።

"ሙቱሌ" አለች ጃጃ።

አልተቀመጥንም። እሷ ደግማ አለች፣ ድምፅዋ አሁን ጠንክሯል። በእነሱ ደንብ በንጉሥ ቤት ውስጥ ተገትሮ መቆም ትልቅ ነውር ነው፤ ንጉሥ ፊት የሚቆም የለም። በእኛ ደንብ ደግሞ ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ ሳይሰማ መቀመጥ ትልቅ ነውር ነው። ይህን ሁሉ ስናቅድ ከረምን፣ ነዳጅ ሞላን፣ ነጠላ አጠብን፤ ይህች አንዲት ነገር ግን ለማናችንም አልታየችንም። ኤልያስ ጃጃን ያውቃት የለም? ሽምግልና ግን አይቶ አያውቅም፤ ቆመን እንጠይቃለን ስንለው ቀልድ መስሎታል።

ጋሽ መኮንን ቀና ብለው አንድ በአንድ አዩን። "ተቀመጡ እንጂ" አሉ፤ ሁሉም ገብቷቸዋል።

አቦይ ርእሶም ከዘራቸውን ተደገፉ። "ጉዳይ አለን። ሳይሰማ አንቀመጥም።"

"ሽማግሌ የሚላከው ወደ ሰው ቤት ነው። ይህ ቤቴ አይደለም፤ እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ።"

ሐጂ ነስሩ ያን ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጋሽ መኮንን፣ እኛስ የት ቤት አለን? ሁላችንም የምንኖረው በሰው አገር፣ በኪራይ ጣራ ሥር ነው። ቤት እስኪኖረን እንጠብቅ ብንል ልጆቻችን አርጅተው ይቀሩ ነበር። ያለንበትን ቤት ብለን ነው የመጣንብዎ።"

 ይህን ጊዜ የጃጃ ትዕግሥት አለቀ። ኤልያስን ጠርታ በሉጋንዳ አፋጠጠችው፤ ኋላ እንደነገረን፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ምን ሆነው ነው እንደ ፖሊስ የሚቆሙት? ጋሽ መኮንን "ምን አለች?" አሉ። ኤልያስ ፊቱ ቀላ፣ ላብ አጠመቀው። አስቡት እስቲ፤ ለእሷ መመለስ ያለበት ስለ ራሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ቀስ እያለ ነገራት። "የቆሙት ስለ እኔ ነው። ይህችን ልጅ ከአባቷ እየጠየቁልኝ ነው" ማለቱ እንደሆነ ከመሬት በማይነሣው ዓይኑ አወቅነው። ጋሽ መኮንንም አወቁት። ሾፌሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩት።

ጃጃ እጇን አጨብጭባ ሳቀች። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረች፣ ኤልያስም አቀረቀረ።

"ተርጉም" አሉ ጋሽ መኮንን።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ እኔ ብናገረው ነውር ነው።"

ሕይወት ከኤልያስ በለመደችው ሉጋንዳ ተረጎመችው። "በእኛ አገር ልጅ የሚጠይቅ ከወገኖቹ ጋር መጥቶ መሬት ይቀመጣል ነው የምትለው። የቆመ ሰው ለመሄድ የተዘጋጀ ነው፤ የተቀመጠ ግን አልሄድም ያለ ነው። ለዚህ ልጅ የተቀመጠ ወገን ከጠፋ እኔ አለሁ ትላለች።" ይህን ስትተረጉም ጃጃ በእጇ እየገፋች፣ ተቀምጣ እንዳለች፣ ምንጣፉ ላይ እየተንፏቀቀች መጥታ ከኤልያስ ጎን ሆነች።

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አወለቁ። "ምኑ ናት?" አሉ ለኤልያስ።

"አክስቴ ያረፈች ጊዜ ለቅሶ የተቀመጠችልኝ እሷ ናት። በፊት ቱሪስት ሳመጣ ነው የምታውቀኝ። አክስቴን አታውቃትም ነበር፤ ሰምታ በማታቱ መጣች፤ ማታቱ ማለት ሚኒባሱ ነው ጋሼ። ቤቴ ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ አልሄደችም። እነዚህ ሽማግሌዎችም ያን ጊዜ ድንኳን ተክለውልኛል፣ ወንበር አምጥተዋል፣ ምግብ አመላልሰዋል።" ወደ እኛ አየ። "ዘመድ የለውም የተባለው እውነት ነው። ሰው ግን የለኝም አልልም።"

ኧረ እኔን! ዓይኔ ሞላ። ድንኳኑን የተከልነው እኛ ነን፣ ልክ ነው፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ነቅለን ወደየሱቃችን ሄድን። ከእኛ በኋላ እሷ እዚያው መቆየቷን እስከዚያች ሰዓት አላወቅኩም ነበር።

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ የአገራችንን የታወቀ መልስ መለሱ። "ሰምቻለሁ። ደንቡን ታውቃላችሁ፣ የልጅ ነገር በአንድ ጊዜ አይመለስም። ልምከርበት። ሌላ ቀን ተመለሱ።"

ሌላ ቀን! የት? መርከቧ ማታ ትሄዳለች፣ ከሙዋንዛ ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ፣ አለቀ።  እኔ በደንባችን እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። በቆምኩበት ልሳደብ ምንም አልቀረኝም።

ሰውየው ሰዓታቸውን አዩ። "መርከቤ አይጠብቀኝም" አሉ። "ስለዚህ ውጡና ያንን ጉድጓድ ዙሩት። ዞራችሁ ስትመጡ ሁለተኛው ቀጠሮ ነው። እኔም እስከዚያ እመክራለሁ።"

ወጣን። የአቦይ ርእሶም ጫማ ማሰሪያው ብዙ ነው፣ ሲታሰር ሲፈታ መሽቶ ይቀራል ብለን ሦስታችንም በካልሲ ነጎድን። የእኔ ካልሲ አውራ ጣቱ ጋ ክፍት እንደነበር እግዜር ያያል። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዱአ እያደረጉ ከፊት፣ አቦይ በትግርኛ ሙሽራዋንም አባቷንም ጃጃንም እያማረሩ ከኋላ፣ እኔ እሾህ እየረገጥኩ መሃል። ፍየሎቹ መንገድ ለቀቁልን። አስጎብኚ ተብዬ የሄድኩበትን ፍርስራሽ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዙሪያው መች ቀላል ነው! ንጉሡ ይህን ያህል ያስቆፈሩት ባዕድ እንዳይገባባቸው ነበር፤ ይኸው አንድ የጅማ፣ አንድ የአስመራ፣ አንድ የደሴ ሰው በካልሲ እንዞረዋለን። ማንም አልከለከለንም።

በሩ ጋ ስንመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ። "ሐጂ ይቅደሙ።" "ኧረ አቦይ ይቅደሙ፣ ታላቄ ነዎት።" "ኧረ በፍጹም፣ የደሴው ይግባ።" እኔ ደግሞ እንዴት አድርጌ ነው ሁለት ታላላቆቼን ቀድሜ የምገባው? ሦስት ሰው በሚያሳልፍ በር ላይ ሦስታችን ተያይዘን ቀረን። ከውስጥ ጃጃ ስትጮህ አንድ ላይ ተግተልትለን ገባን።

ጋሽ መኮንን ሲያዩን ብድግ አሉ። "ኖር!" አሉ፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው። ሽማግሌ አድርገው ተቀበሉን ማለት ነው። ጃጃ አሁን በእሳቸውም ላይ ጮኸች፤ ቤቱ በቆመ ሐበሻ ተሞላባት። "በእግዜር፣ በእግዜር!" አልን እኛ።

"ተቀመጡ" አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። እሺ አላሉም፣ ሰጥቻለሁ አላሉም። እኛ ግን ተቀመጥን፤ አቦይ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" እያሉ፣ እኔ የካልሲዬን ቀዳዳ በነጠላ እየሸፈንኩ። ኤልያስ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፣ ሕይወትም አባቷ ትከሻ ላይ። ጃጃ ምን እንደተባለ ማንም ሳይተረጉምላት እልል አለች። ጋሽ መኮንን ያንን በወረቀት የተጠቀለለ ሮሌክስ ከኮት ኪሳቸው አወጡና ለእኔ ዘረጉልኝ። "ናካዋ ላይ ነው ያወቅኩህ" አሉኝ፣ አንቱታው ቀርቶ። "እየራበው ምግብ እንቢ የሚል ሐበሻ አንድም ሽማግሌ ነው፣ አንድም ታሟል። አንተ ደግሞ ጤነኛ ነህ።" ቀዝቅዞ ነበር። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

መርከቧ ልትነሣ ስትል አደረስናቸው። መሰላሉ ሥር ኤልያስን ሁለት ጊዜ ስመው፣ አንድ ነገር በጆሮው ነግረውት ሄዱ።

ሰርጉ ሆነ። ስለ ሰርጉ አላወራም፣ የሐበሻ ሰርግ ታውቁታላችሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ስልኬ ጮኸ፤ ከአዲስ አበባ ጋሽ መኮንን ናቸው። "ሽማግሌ ሆይ፣ ምን እየሠራችሁ ነው? ልጆቹ ተጣልተዋል አሉ!" እኔ ምን አውቄ! በኀፍረት ተቃጠልኩ። ሱቄን ዘጋሁ፣ ሐጂን ከጨርቃቸው፣ አቦይን ከጎማቸው ነቅዬ ወደ ሙቱንጎ ከነፍን። መንገድ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ የት ጋ እንደምንቆም ሳይቀር ተመካከርን። እንዲያውም ነገሩን ወደድነው ብላችሁ አልዋሽም፤ ለዚህ ቀን አይደል ሽማግሌ የሆንነው?

ቤቱ ተቆልፏል። ጎረቤት ጠየቅን። "ጃጃ ጋ ሄደዋል" አለችን።

ወደዚያው ነዳን። ክብ ቤቱ በር ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ገባን፤ ኤልያስና ሕይወት ከአንድ ሳህን ማቶኬ እየበሉ ነው፣ ጃጃ መሃላቸው ተቀምጣ የበሰለውን ሙዝ በእጇ እየደፈጠጠች ወደ ሁለቱም ትገፋለች። ጠቡ ምን እንደነበር ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። ተመካክረን የመጣነው ንግግር ሁሉ አፋችን ውስጥ ቀረ። ሐጂ እኔን አዩኝ፣ እኔ አቦይን አየሁ።

ጃጃ ምንጣፉን መታ መታ አደረገች። አቦይ ርእሶም እንኳ ሁለተኛ ሳይለመኑ ተቀመጡ።